«እንኳን ደህና መጡ» ያላት ኮምፒውተር

ወይ ጥሩሐረግ! ሰኞ ጠዋት ፊቷን ብታዩት እኮ የሰቆጣ ፀሐይ ለሷ ብቻ የወጣች ነው የሚመስላችሁ። ከቤቷ እስከ ሥራዋ ድረስ አንዲት ቃል ስትለማመድ ነው የመጣችው፤ «እሺ»።

አርብ ለት ምንዋጋው ጠይቋት ነበር። ሁለቱም ከተማው መሃል አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ውስጥ ነው የሚሠሩት። «ሽማግሌ ልላክ ወይ?» ሲላት አንገቷን ደፍታ «እስከ ሰኞ ላስብበት» አለችው። ምኑን ታስበዋለች፣ አፍራ ነው እንጂ!

ደግሞ ልጁ ሲጥም! የኮምፒውተሯን ሼል፣ ያቺን ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት፣ ለሷ ብሎ አስተካክሎላት ነበር። በከፈተቻት ቁጥር «መጣሽ የኔ ሸጋ?» ትላታለች።

ሰኞም ከፈተቻት።

«እንኳን ደህና መጡ። ምን ልታዘዝ?»

መጡ! አንቱ!

ጥሩሐረግ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። አንቱ የሚባለው እኮ ትልቅ ሰው ነው፣ ወይ ባዳ። ስላዘገየሁት ተቀይሞኝ ባዳ አደረገኝ አለች በልቧ። ከዚያ ልቧም ዝም አለ። ውስጧ ፍዝዝ፣ ድንዝዝ።

የሥራ ጓደኛቸው ሸጌ «አንቺ፣ ፊትሽ ምነው ያደረ ሽሮ መሰለ?» አለቻት።

«ምንም።»

ምንዋጋው ገባ። «እንዴት አደርሽ ጥሩዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«እርስዎ?» ሳቀ። «ከኋላዬ ቄስ አለ እንዴ?»

እሷ አልሳቀችም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ባጃጅ አለፈ፣ ፍየሎች አለፉ፤ ለሷ ሁሉም አንድ ነው።

የሱም ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። በቃ፣ መልሷ ይሄ ነው አለ በልቡ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጋዝጊብላ ወረዳ ላሉትና ሽማግሌ ሊሆኑለት ለነበሩት አጎቱ ደወለ። «መምሬ ገብረ አምላክ፣ እንዳይነሱ። ልጅቷ አልፈለገችም።»

ጥሩሐረግ ሰማችው። ሰማችው፣ ግን የሌላ ሰው ወሬ ይመስል።

ሸጌ ግን የጥሩሐረግን ኮምፒውተር አየችና አላስቻላትም። «አንተ! አንቱ ብለህ የጻፍክላት ምን አድርጋህ ነው?»

«እኔ? የት?»

መጥቶ ጥቁሯን መስኮት ሲያይ ግንባሩን በጥፊ መታ። «አፕዴት ተደርጓል! ኮምፒውተሩን የሚያድሰው ፕሮግራም እኔ የመረጥኩልሽን ሼል ዞር ብሎም አላየውም፤ አብሮት የመጣውን የራሱን ሼል ከፈተ። የጻፍኩልሽ አልጠፋም፣ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው። ጥሩዬ፣ ማሽን እኮ ሁሉንም ሰው አንቱ ነው የሚለው!»

ጥሩሐረግ ዞረች። አየችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንተ አይደለህማ?»

«ኧረ ሞቼ! አንቺ ግን አንቱ አልሽኝ።»

አሁን ገና ጣቶቿ ሲነዝሯት ታወቃት፤ በብርድ ደንዝዞ ቆይቶ እንደሚነቃ እግር።

«ስልኩን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

ነጠቀችው። «መምሬ፣ ጥሩሐረግ ነኝ። ፈልጌያለሁ። ቶሎ ይነሱልኝ።»

ሸጌ አፏን ያዘች። የትኛዋ ልጅ ናት ሽማግሌዋን ራሷ ደውላ የምትጠራ!

በስልኩ ውስጥ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የበቅሎዋን ኮርቻ አሁን ገና አወረድኩት እኮ። መልሼ ልጫናት?»

«ይጫኗት!»