የጥሩወርቅ ጭምብል

ሥራው ቀላል ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አጥናፉ በሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለውን የጭምብል ክፍል ይከፍታል፣ አምፖሉን ያበራል፣ የዕለቱን ተረኛ በሽተኞች ጭምብል ከግድግዳው ያወርዳል። ጭምብሉ፣ ራሳቸው ወይም አንገታቸው ላይ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ጨረር ሲወስዱ እንዳይንቀሳቀሱ ፊታቸው የሚታሰርበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፣ በበሽተኛው ፊት ላይ ይደፋል፣ ሲቀዘቅዝ መልኩን ይዞ ይደርቃል። መስኮት በሌለው ክፍል፣ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ በማይለቀው ጨለማ ውስጥ፣ ስማቸው የተለጠፈባቸው ሠላሳ ፊቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ተሰቅለዋል፤ ከግድግዳው ወዲያ የጨረር መሣሪያው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

መጀመሪያ ያየው የአንድ ሹፌር ጭምብል ነው። ዓርብ ሲሰቅለው ጉንጩ ሙሉ ነበር፤ ሰኞ ጎድጉዷል። ሙቀት ይሆናል አለ። ሹፌሩ ራሱ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ከዚያ የአንዲት አስተማሪ ጎደጎደ፤ ከዚያ የአንድ ቄስ። ሐኪሞቹ «ይድናል» ያሉት፣ ጭምብሉ ከጎደጎደ አልዳነም፤ «አይተርፍም» ያሉት፣ ጭምብሉ ከሞላ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። አጥናፉ ለማንም አልተናገረም። ግን ጠዋት ጠዋት አምፖሉን ከማብራቱ በፊት ጉንጮቹን በጣቱ ይዳብስ ጀመር።

በጥቅምት እህቱ ጥሩወርቅ ጉሮሮዋን ታማ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራው ነው የምትኖረው፤ ከእሷ ሌላ ሰው የለውም። ጭምብሉን ስታይ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ ወንፊት አይደል እንዴ? ልትነፋኝ ነው?»

«ዝም ብለሽ ተኚ።»

«እሺ፤ ግርዱን ብቻ አስቀርልኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ጣቱ የእሷ ጭምብል ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ ሰመጠ።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ በሩን ዘግቶ ውሃውን አሞቀ። ጭምብሉን ነከረው፤ ለሰለሰ። ጉንጩን መልሶ የሚሞላበት ቅርጽ ፈለገ፤ ከራሱ ፊት ሌላ አልነበረም። አንጋጦ ፊቱ ላይ ደፋው። ጨለመ። ትኩሱ ውሃ በአንገቱ ወረደ። መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ያ ጉርምርምታ በጆሮው ውስጥ ተሰማው፤ ፕላስቲኩ እየቀዘቀዘ ፊቱን ሲይዘውም፣ ከእሱ ትንፋሽ ጋር የማይገጥም ሌላ ትንፋሽ ከንፈሩን ነካው።

በማግስቱ ጥሩወርቅ ገንፎ አማራት። በሳምንቱ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ወጣች።

«ጋሽ አጥናፉ፣ እህትዎ ቁርጥ እርስዎን እየመሰሉ መጡ» አለ ቴክኒሻኑ ናሁሰናይ፣ ጭምብሏን እያሰረ።

«የአንድ እናት ልጆች ነን።»

ግን አገጯ ይህን ያህል ሰፊ አልነበረም። ድምፅዋም ወፈረ። የእሱ ጢም ማደግ አቆመ። እንጀራ መዋጥ አቃተው። የበሩ ጥበቃ ጠዋት ኮፍያውን የሚያነሳው ለእሷ ሆነ፤ እሱን ግን ካርድ ጠየቀው። ጭምብሉን መልሶ አለስልሶ የራሱን ፊት ከላዩ ማጥፋት እንደሚችል ያውቃል። ሁለት ጊዜ ውሃውን አሞቀ፤ እሷ ፎቅ ላይ ስትስቅ እየሰማ ሁለቴም ውሃውን መልሶ ደፋው።

የጥሩወርቅ ጨረር ባለቀበት ቀን አጥናፉ የክፍሉን ቁልፍ ይዞ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ጠበቃት። ከናሁሰናይ ጋር ወጣች፤ አረማመዷ ከባድና የረጋ ነበር። ናሁሰናይ ቁልፉን ከአጥናፉ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደና ለእሷ ሰጣት።

«እንኩ ጋሽ አጥናፉ» አላት፤ «እህትዎን እኔ ላስተኛቸው፣ ተራቸው ደርሷል።»

«አጥናፉ እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ የታመመው ጉሮሮው ድምፅ አላወጣለትም። ወደ እህቱ ተመለከተ፤ አንድ ቃል ከእሷ ይበቃ ነበር።

ጥሩወርቅ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያም በእሱ ድምፅ፣ በእርጋታ፣ «ቶሎ አስገባት ልጄ፤ በጣም ደክማለች» አለች።