በጎቹ የላሱት ገንቦ

አቶ ተገኘ ሞተው የተገኙት ከዓሣቸው ጎን፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። እግራቸው ሥር ያለው የከሰል ምድጃ አመድ ብቻ ይዟል፤ መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ያለችው ዓሣ ግን ደህና ናት። ጣት የምታህል፣ ፊቷ ሐምራዊ፣ ጅራቷ ቢጫ፣ ማንንም የማትነካ የባሕር ዓሣ ናት፤ የቀድሞው የመርከብ ምግብ አብሳይ አቶ ተገኘ አራት ዓመት በጨው ውኃ አኑረዋታል።

የቀየው ሰው ፍርድ ለመስጠት አልዘገየም። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ነበርና ውኃውን የሚያሞቀው ማሽን ቆሟል፤ ስለዚህ ሰውዬው ዓሣዋን ላሙቅ ብለው ከሰል አስገብተው፣ ለዓሣ ሲሉ በጭስ ታፍነው ሞቱ ተባለ። ፖሊስ ደግሞ ከሰሉን ያቀጣጠለውን፣ ምስክር የሚባለውን የእህታቸውን ልጅ ያዘ። በዚያው ሳምንት በእርሻ ድንበር ተጣልተው «ያዩታል!» ብሏቸው ነበር። ምስክር ግን ምድጃውን በረንዳ ላይ ትቼ ነው የሄድኩት ይላል፤ የሚሰማው የለም።

ኢንስፔክተር እፀገነት ረፋድ ላይ ደረሰች። ለቤቱ እንግዳ አይደለችም፤ ልጅ ያልወለዱት የሟች ሚስት፣ ወይዘሮ አማከለች፣ የክርስትና እናቷ ናቸው። ጉዳዩን ለሌላ ስጡልኝ ማለት ነበረባት። ነገር ግን እትዬ አማከለችን ሌላ ሰው ሲያዋክባቸው ማየት አልሆነላትም።

ወይዘሮ አማከለች ጓዳቸው ተኝተው እንዳደሩ፣ ባላቸውን ሲነጋ እንዳገኟቸው እያለቀሱ ነገሯት።

«ከዚያች ዓሣ ጋር ምን ጉዳይ አለኝ? እጄን እንኳ ነክሬበት አላውቅም» አሉ።

እፀገነት አቅፋ አጽናናቻቸው። ከዚያ ወደ ገንዳው ሄዳ ጎንበስ አለች። መስታወቱ ላይ ቀይ ምልክት አለ፤ ውኃው ከምልክቱ ሁለት ጣት ጎድሏል። ተከራዩን መምህር በዕውቀቱን አስጠራች፤ እሱ ሌላ ከተማ አድሮ ገና መመለሱ ነው።

«ውኃው ሲተን ጨው አይተንም» አላት መምህሩ። «ስለዚህ በየማታው እስከ ምልክቱ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይጨመራል። ጨው ቢበዛም ቢያንስም ትሞታለች።»

«በአንድ ሌሊት ሁለት ጣት ይተናል?»

«በፍጹም። ትናንት ስወጣ ሙሉ ነበር።»

መብራት ሲጠፋ አቶ ተገኘ ገንዳውን በባና ብርድ ልብስ ይጠቀልሉ ነበር እንጂ ጭሱ ዓሣዋን ይጎዳል ብለው ከሰል እንደማያስገቡም ነገራት። ለዓሣዋ ከጅቡቲ ከሚመጣው የጨው ካርቶን ላይ ተቀድዶ ስለተወሰደው ወረቀት ስትጠይቀው ግን ዓይኑን ሰበረ። ቅዳሜ ዕለት ለወይዘሮ አማከለች አንብቤላቸዋለሁ፣ የሰላምታ ወረቀት ነው አላት።

ግቢ ስትወጣ ሦስት በጎች ፀሐይ ላይ የተሰጣ አዲስ ገንቦ ከበው ይገፋፋሉ። አባረረቻቸው፤ ተመለሱ። ገንቦውን ከውጭ እየላሱ ነው። እፀገነት ሸክላው ላይ ያበበውን ነጭ ነገር በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ጨው ነው። ገንቦውን ባለፈው ሳምንት ለማኅበራቸው ጠላ ብላ ገዝታ የሰጠቻቸው ራሷ ናት፤ እሳቸውም ዓይኗ እያየ ጓዳ አስገብተው ቆልፈውበታል። ያ ሁሉ ማጽናናቷ መጫወቻ እንዳደረጋት ገባት።

ከሰዓት በኋላ ምስክርን ከጣቢያ አስመጥታ ሁሉንም ገንዳው ፊት ሰበሰበች።

«ሰውዬው ወንበራቸው ላይ ተኝተው ሳሉ አንድ ሰው ዓሣዋን ከነውኃዋ ወደ ገንቦ አዛወረ» አለች። «የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ቢከታት እንደምትሞት ያውቃል። ከዚያ ከሰሉን ከበረንዳ አስገብቶ መስኮቱን ዘጋ። ሲነጋ ዓሣዋን መለሳት። ገና ያልታጠነ ገንቦ ውኃ ይጠጣልና ገንዳው ጎደለ፤ የፈሰሰው ደግሞ ገንቦው የተጠቀለለበትን ባና አርሶታል፤ ጓዳ ታጥፎ አገኘሁት። ገንቦው ታጥቧል። ሸክላው ውስጥ የሰረገው ጨው ግን ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ውጭ ይወጣል። በጎቹ ቀደሙኝ።»

«ምናልባት ምስክር…» አሉ ወይዘሮ አማከለች።

«ምስክር ቢሆን ደጅ ያለውን ባልዲ ያነሳ ነበር። የጓዳው ቁልፍ ያለው እርስዎ ወገብ ላይ ነው፣ እትዬ።» ወደ መምህሩ ዞረች። «ወረቀቱ ምን ይላል?»

መምህሩ በቃሉ ያስታውሰዋል። «‹ለአባቴ። እናቴና እኔ ለዓሣችን ጨው ልከናል። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝ› ይላል።»

ወይዘሮ አማከለች ማልቀሳቸውን ተዉ።

«ሃያ ዓመት ጸበል ለጸበል ተንከራተትኩ» አሉ። «አብሮኝ እየሄደ፣ አብሮኝ ይሰግድ ነበር። ይህችን አምጥቶ ‹ልጃችን ናት› አለኝ። በእጄ አብልቼ አሳደግኋት። ለካ የእነሱን ዓሣ ነው።»

«ታዲያ ለምን አወጧት?»

«እሷ ምን አደረገችኝ?»

ምስክር ቀድሟቸው ወጣ። እፀገነት የክርስትና እናቷን ክንድ ይዛ ወደ በሩ መራቻቸው። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ከወገባቸው ፈተው እጇ ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ ሲመሽ ውኃ ጨምሪላት» አሏት። «እስከ ምልክቱ ብቻ።»

እፀገነት እንደ ልጅነቷ አቀርቅራ፣ «እሺ እትዬ» አለች።