የወይዘሮ አሰፋሽ ዋስትና

በ፲፱፻፺ ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦር በተማዘዙ ማግስት፣ ወደ አሰብ ይሄድ የነበረው ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ጎረፈ፤ መርከቦች ተራ አጥተው ባሕሩ ላይ ተኮለኮሉ፤ በከተማይቱም ጣሪያ ያለው ክፍል ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። በዚያው ወር የምድር ባቡሩ መካኒክ አቶ ዓለምሰገድና ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ፣ በከተማይቱ ካርቲየ 2 ሰፈር ለዓመታት የተከራዩትን ቤት ሊገዙ ቀን ቆርጠው ነበር። ባንኩ ብድሩን ፈቅዶ የቀረው የዋስ ፊርማ ብቻ ነው፤ ዋስ ሊሆኑ ቃል የገቡትም የልጃቸው የዝማሬ ክርስትና አባት፣ የወደብ ዕቃ አስፈጻሚው (ትራንዚተሩ) አቶ ሰብስቤ ነበሩ።

በቀጠሮው ቀን አቶ ሰብስቤ ቀሩ። በሳምንቱ መጡ፤ ሲመጡ ግን ቤቱን ለራሳቸው ገዝተው፣ ውሉን በእጃቸው ይዘው ነው።

«ወንድሜ ዓለምሰገድ፣ ገበያ ነው፤ አይቀየሙኝ። ለሹፌሮች ማደሪያ ላከራየው ነውና እስከ ዓርብ ይልቀቁልኝ» አሉ።

ባልና ሚስት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው በከተማው ዳር፣ ሃያብለ በተባለ ሰፈር በቆርቆሮ ቤት ተጠለሉ። በነሐሴው ወላፈን የአቶ ዓለምሰገድ ደረት ከፋ፤ ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። ወይዘሮ አሰፋሽ ማቃቸውን አወለቁ፤ ቂማቸውን ግን አላወለቁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በፈረንጅ ቤት ወጥ ቤት ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት አገለገሉ፤ ቆርቆሮውን በብሎኬት ቀየሩ፤ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትተው ለሃያብለው ቦታ በስማቸው ካርታ አስወጡለት።

በ፳፻፱ ዓ.ም. ጥቅምት ዝማሬ ነርስ ሆና በምትሠራበት ሆስፒታል አጠገብ አንዲት ትንሽ አፓርታማ ልትገዛ አሰበች። ባንኩ ደመወዟ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ወላጅ ንብረት አስይዞ ዋስ ቢሆናት ግን እንደሚያበድራት ነገራት። ለእናቷ አጫወተቻቸው።

«እሆንሻለሁ» አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ፤ «ለዚያ አፓርታማ ግን አይደለም። ሰብስቤ ንግዱ ከስሮ፣ ልጆቹም ተበትነውበት የካርቲየ 2ቱን ቤት ሊሸጥ ነው አሉ። እሱን ግዢ።»

«እማዬ፣ ያ ቤት አርጅቷል፤ ዋጋውም ይበልጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ስከፍል ልኖር ነው?»

«አባትሽ የሞተበት ነገር ነው።»

«አባዬ የሞተው በሳንባው ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ዋስ ፈልጊ።»

ዝማሬ ሌላ ዋስ አልነበራትም።

በባንኩ ውስጥ ኢማን የተባለች ሠራተኛ በፈረንሳይኛ ስታስረዳ፣ ዝማሬ ለእናቷ ቃል ሳታጎድል ተረጎመች፤ «ልጅዎ መክፈል ቢያቅታት የሚሄደው የእሷ ቤት ብቻ አይደለም፤ የእርስዎም ቦታ ይሄዳል። ተረድተውታል?»

«ተረድቻለሁ በያት፤ የት እንደምፈርም ታሳየኝ።»

ገዢዋ ማን እንደሆነች አቶ ሰብስቤ ያወቁት በውል አዋዋዩ ፊት ነው። ስሟን ከነአባቷ ሲሰሙ እስክሪብቶውን አስቀመጡ፤ ከዚያም መልሰው አንሥተው ፈረሙ፤ አበዳሪዎቻቸው ውጭ ይጠብቁ ነበር።

ጥር ፪ ቀን ከተማው ስለ አዲሱ ባቡር ምረቃ ብቻ ሲያወራ ዋለ፤ መኪናው ሁሉ ወደ ናጋድ ጣቢያ ይተም ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ ግን ልጃቸውን አስከትለው የካርቲየ 2ቱን በር ከፈቱ። አቶ ሰብስቤን በጓሮው ክፍል ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ለጥምቀት ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እስከዚያ ይቺን ክፍል ይተዉልኝ፤ የእኅቴ ልጅ ከድሬዳዋ መጥቶ ይወስደኛል።»

«ዛሬ ነው የሚወጡት፤ አሁን።»

«እማዬ፣ ቤቱ በስሜ ነው» አለች ዝማሬ፤ «ክርስትና አባቴ ይቆዩ።»

«በስምሽ ነው፤ የገዛሽው ግን በእኔ ካርታ ነው! እሱ ከቆየ ነገ ባንክ ሄጄ ዋስትናዬን አነሣለሁ።»

የተፈረመ ዋስትና እንዲህ እንደማይነሣ ዝማሬ ታውቃለች፤ መልስ ልትሰጥ ስትል ግን ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። «ተዪ ልጄ፤ እናትሽ አልበደለችኝም» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ዝማሬ ሻንጣቸውን ይዛ አርሂባ ሰፈር፣ የቀድሞ ጸሐፊያቸው ቤት ድረስ ሸኘቻቸው።

ወይዘሮ አሰፋሽ በዚያች ሰዓት አዘኑ ብለን መጻፍ በወደድን ነበር፤ አላዘኑም። ባዶውን ቤት ከክፍል ክፍል እየዞሩ፣ መስኮቱን ሁሉ እየከፈቱ፣ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። ዝማሬ ስትመለስ ከደጃፉ አላለፈችም።

«ቤቱ ያንቺ ይሁን እማዬ፤ ኑሪበት። ዕዳውን እከፍላለሁ። እኔ ግን ሃያብለ እገባለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሌሊት እየተነሣች በሁለት አውቶቡስ ወደ ሥራ ሄደች፤ ወር በወርም ባንኩ ድርሻውን ከደመወዟ ወሰደ። እናትና ልጅ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኙ ነበር፤ ስለ ጤና ተጠያይቀው ይለያያሉ።

የዚያ ጥር ታሪክ ጸሐፊዎች ባቡሩን አስፍረዋል፤ የመጡትን እንግዶችና የተናገሩትን ንግግር ሁሉ። ስለ ካርቲየ 2ቱ ቤት የቀረው አንድ ቅጽ ብቻ ነው፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋስ ይላል። ከዋሷ ስም ትይዩ፣ ዝምድና በሚለው ሥር፣ «እናት» ተብሎ ተጽፏል፤ ምክንያት የሚሞላበት መስመር ቅጹ ላይ የለም።