ጣዝማው እስኪከፈል

ሰው ለፋሲካ ይቀጥራል፣ ለመከር ይቀጥራል። ደግፌ ግን እኔን የቀጠረኝ በጣዝማ ነበር።

«መንጋው ለሁለት ተከፍሎ ይጽናልኝ እንጂ፣ ያኔ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ይህን ያለኝ በ1976 ነው። አምቦ፣ የአባቴን ሰርቪስ ቤት የተከራየ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር፤ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ። ሲያየኝ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። አፍሮ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጣዝማ የምትባለው ትንሽ ንብ የምትኖረው ከመሬት በታች ነው።

የአገሬው ሰው ቀዳዳዋን ካገኘ ቆፍሮ ማሯን ለሳል መድኃኒት ይወስዳል፤ መንጋውም በዚያው ያልቃል። ደግፌን ይህ አንገበገበው። ከጭልሞ ጫካ አንድ መንጋ ከነእጩ አውጥቶ በአውቶቡስ አመጣና ማሰሮ ውስጥ አድርጎ ጓሯችን አኖረው። የማትናደፍ ንብ ከተማ መሃል ብትረባ ማን ይጠላል? እኔም አልጠላሁም። ግን ሁለት ዓመት! ግማሹን እጭ ወደ ሌላ ማሰሮ ያዛውራል፤ ጉንዳን ይወረዋል። እንደገና ያዛውራል፤ ዝናብ ይገባበታል። ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ስመለስ ጎንበስ ብሎ የማሰሮ ቀዳዳ ሲያይ አገኘዋለሁ። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

በ1978 ጥቅምት፣ ባኮ የሚሠራ አንድ የእርሻ ባለሙያ ሽማግሌ ላከብኝ። አባቴ ኦቦ ሆርዶፋ ከወር በኋላ፣ እሁድ፣ መልስ ሊሰጥ ቀጠራቸው። ሮጬ ለደግፌ ነገርኩት።

እሱ ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ። መልሱ ይኸው ነበር።

እርግጥ ጉንፋን ይዞት ነበር። እናቴ አዴ ድንቅቱ ሳሉን ስትሰማ አንጀቷ አልቻለም። እሱ ሊያስተምር ሲሄድ ማሩን ልታወጣለት ማሰሮውን ከፈተች፤ እጩ መንገድ ዘግቶ ቢያስቸግራት ግማሹን በጭልፋ አንስታ ባዶው ማሰሮ ውስጥ ጨመረችው። ሁለቱንም በጭቃ መርጋ ስትመልስ ደግሞ ቦታቸውን አቀያየረች። ማሩን ማታ በብርጭቆ አቀረበችለት።

«ጠጣ፣ ኢልመ ኮ።»

ልጄ ስላለችው ደስ ብሎት ጨለጠው።

«ከየት አገኙት፣ አዴ?»

«ከማሰሮህ ነዋ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከሁለቱም ማሰሮ ጣዝማ ትወጣ ትገባ ጀመር። የተማረው ሰው በሁለት ዓመት ያልቻለውን እናቴ በጭልፋ ሠራችው። ለካ ከውጭ የተመለሱት ጣዝማዎች በለመዱት ቦታ ያገኙት አዲሱን ማሰሮ ስለሆነ እዚያው ገብተው ኖሯል። ደግፌ ደብተር ይዞ «አዴ፣ የትኛውን እጭ ነው ያነሱት?» እያለ ይከተላታል!

በአባቴ ቀጠሮ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ተከፈለ» አልኩት። «ነገ እሁድ ነው።»

«መንጎቹ ክረምቱን ይለፉ እንጂ፣ ገና…»

«ክረምት እኮ ሰባት ወር ይቀረዋል! የምታገባው ጣዝማን ነው ወይስ እኔን?»

ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ።

«የምልከው ሽማግሌ የለኝም፣ ሲንቄ። አባቴ ሞቷል፤ አጎቶቼ መንዝ ናቸው። እዚህ ማን አለኝ? ብቻዬን ሄጄ አባትሽ ቢመልሰኝ፣ አንቺንም ቤቱንም ነው የማጣው።»

በጥፊ ልለው ፈለግሁ። ላቅፈውም ፈለግሁ። ሁለት ዓመት ይህችን ለመናገር!

እናቴ ከማሰሮዎቹ ጀርባ ሆና ሰምታ ኖሯል። ነጠላዋን አጣፍታ ለበሰች፤ በጓሮ ዞራ ሄደችና የቤታችንን የፊት በር አንኳኳች። ተከትለናት ሄድን።

አባቴ ከፈተ። «ማል ታቴ፣ ድንቅቱ? ምን ሆንሽ? የገዛ ቤትሽን ታንኳኪያለሽ? ግቢና ተቀመጪ እንጂ።»

ሁልጊዜ «የሲንቄ አባት» የምትለውን ሰው እንደ ባዳ ጠራችው።

«ኦቦ ሆርዶፋ፣ ለጉዳይ ነው የመጣሁት። ልጄ ደግፌ ልኮኛል። ልጅህን ለልጄ ስጥልኝ። እሺ ሳልባል አልቀመጥም።»

አባቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቆመች። ሳቁ ሲያልቅም እንደቆመች ነበር። አባቴ በትከሻዋ በኩል እኔን አየኝ፤ እኔም ሳላቀረቅር አየሁት።

«እሺ» አላት በመጨረሻ። «አሁን ተቀመጪ፣ ጉልበትሽን ያምሻል።»