ያለ ቀኑ የወጣ አርባ

በ፲፱፻፹፩ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሊገባደድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከወጨጫ የወረደው ደመና ኮልፌን እስከ አጣና ተራ ድረስ ሸፍኗት ሰነበተ፤ ዝናብ ግን ጠብ አላለም። በጦር ኃይሎች አደባባይ የሚያልፉት የወታደር ካሚዮኖች ሸራቸውን ጥርቅም አድርገው ነበር የሚጓዙት፤ ሬዲዮው ስለ ሰሜኑ ጦርነት ሲናገር ከድል በቀር ሌላ ወሬ አያውቅም፤ ሽሬ ላይ የደረሰውን ሽንፈት ግን ሰው በጠላ ቤቱም በፌርማታውም በጆሮ በጆሮ ይቀባበለው ነበር። ልጁን ለጦሩ ያልሰጠ ቤት በሰፈሩ ጥቂት ነበርና፣ በሩ በማለዳ የተንኳኳበት ሁሉ መርዶ መጣብኝ ብሎ ይደነግጥ ነበር።

በዚያ ዘመን ከአጣና ተራ ጀርባ ያለው ቀበሌ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ ኮከብ ተክለሃይማኖት ነበረች። በልጅነቷ ከመንዝ መጥታ፣ በኮልፌ ገበያ ጆንያ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ ስትሸጥ፣ «አንቺ ባለ ሽንኩርት!» እያሉ ይጠሯት የነበሩ ሰዎች አሁን «ጓድ ኮከብ» ብለው ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉላታል፤ ይህን ብድግ ማለት ወደደችው፤ እንዴትስ አትውደደው! ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ተማረች፤ ንግግር ግን ማንም አላስተማራትም፤ ከአንደበቷ ማር ይንጠባጠብ ነበር።

ሰፈሩ ግን ከሹመቷ በፊት ያከበራት በሌላ ሙያ ነው፤ መርዶ ነጋሪ ነበረች። መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም፤ ሥርዓት አለው። ማልዶ ነው የሚነገር፤ ለቀስተኛው ከአጥር ውጪ ድምፁን አጥፍቶ ይሰበሰባል፤ ጉልበት ያላቸው ሴቶች ሰበብ ፈጥረው ገብተው ከባለሐዘኗ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ስለት ያለው ነገር ሁሉ ከእጇ ዞር ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ አፉን ይከፍታል። ያ ሰው ኮከብ ነበረች። የእድሩ ዳኛ አቶ ጉልላት «ኮከብ ያረዳችው ሰው አያብድም» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

በዚያ ሰሞን ዓይኗ ከቀበሌው አልፎ፣ ቀበሌዎቹን በሚያዝዘው ከፍተኛ ላይ ዐርፎ ነበር። የካቲት ሃያ ዘጠኝ የሴቶች ቀን የሚከበረው በእርሷ አዳራሽ ነው፤ እንግዶቹ በበዓሉ ከተደሰቱ የከፍተኛው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበርነት የእርሷ እንደሚሆን ተነግሯታል። በዓሉን የሚያደምቀው ደግሞ የአንዲት ሴት ጉሮሮ ነበር፤ የወለተጻድቅ። ወለተጻድቅ የጎጃም ሰው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር፣ ስትዘፍን ግን መንገደኛ ያስቆመች። ከሽንኩርቱ ዘመን ጀምሮ ከኮከብ ጋር ገበታቸው አንድ ነበር፤ ወለተጻድቅ የኔሰው የሚባለውን አንድ ልጇን ወልዳ ታማ በተኛች ጊዜ፣ የራሷን ጨቅላ የቀበረችው ኮከብ ነበረች ጡቷን ሰጥታ ያሳደገችው። ልጁ ሁለቱንም «እማዬ» እያለ አደገ፤ ብሔራዊ ውትድርና ሲጠራውም ሁለቱም አልቅሰው ሸኙት።

እንግዲህ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ግሩም የሚባል ወጣት ወታደር በምርኩዝ እየተደገፈ ወደ ቀበሌው መጣና የወለተጻድቅን ቤት ጠየቀ። ያገኘው ኮከብን ነው። የኔሰው በየካቲት ሚካኤል ዕለት ሽሬ ላይ ከጎኑ መውደቁን፣ ዓይኑን የከደነለትም እርሱ መሆኑን ነገራት፤ ለእናቱ በአፉ ሊነግር አደራ አለበት።

ኮከብ እዚያው ወንበሯ ላይ ክፉኛ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ የእውነት ነበር፤ የጡት ልጇ ነዋ። ዕንባዋ ሲገታ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። የዛሬ መርዶ ማለት በሴቶች ቀን የሐዘን ድንኳን ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ከለቅሶው ይቀመጣል፤ አዳራሹ ባዶ ይሆናል፤ ያ ጉሮሮም ሙሾ እንጂ ዘፈን አይወጣውም። ለወታደሩ እናቲቱ የልብ ሕመምተኛ እንደሆነች፣ በድንገት ብትሰማ ያው ልጇን እንደምትከተል ነገረችው፤ በሥርዓቱ እኔ አረዳታለሁ፣ ሙያዬ ነው አለችው። ግሩምም በዚሁ ባህል ያደገ ልጅ ነውና፣ መርዶ ላወቀበት ይተዋል ብሎ አመናት፤ ወደ ተኛበት ሆስፒታልም ተመለሰ።

ወደ አቶ ጉልላት ቤት ልትሄድ ወጥታ ነበር፤ ከመንገድ ተመለሰች። የሞተው እንደሆነ ሞቷል፤ ለጥቂት ቀን ቢዘገይ ምን ይጎድልበታል? እያለች ራሷን አባበለች። ሰውን ማባበል የለመደ ሰው ራሱን ማባበል አይከብደውም።

በዓሉ የዋለው ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በዘወረደ ሳምንት ነው። ወለተጻድቅም በጾም አልዘፍንም ብላ እግሯን ተከለች፤ ኮከብ ልትለምናት ቤቷ ሄደች።

«ኮኬ፣ በሁዳዴ እንዴት ልዝፈን? ሰው ምን ይለኛል፣ እግዜርስ ምን ይለኛል?» አለች ወለተጻድቅ እንዝርቷን አስቀምጣ። «ደግሞ ሰሞኑን ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ልጄ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ እህልም አልበላ ብሎኛል።»

«ስለ እሱ ብዬ እኮ ነው የምለምንሽ» አለች ኮከብ። «በዓሉ ካማረ ከፍተኛው ላይ እወጣለሁ፤ እዚያ ከወጣሁ ደግሞ የኔሰውን ከግንባር ወደ ደጀን አስዛውረዋለሁ። ጡቴን የጠባ ልጅ አይደል ወይ?»

ይህን ስትል ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። ወለተጻድቅ ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመች፤ ለልጄ ስል ነው፣ አምላኬ ይፈታኛል ብላ እሺ አለች።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ የከፍተኛው ባለሥልጣናት ከፊት ተደረደሩ፤ መፈክሩ ተሰማ፤ ንግግሩ ረዘመ፤ ሰው ማዛጋት ሲጀምር ወለተጻድቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወጣች። እንድትዘፍን የተሰጣትን የአብዮት ዜማ ጨርሳ፣ ከራሷ ሆድ ያወጣችውን ቀጠለች፤

ደጁን ክፈቱልኝ፣ ቤቱን ልጥረገው፤
መንገዱ ሲከፈት ይመጣል የኔሰው።

እናቶቹ እልል አሉ፤ ልጁ ግንባር ያለው ሁሉ በየኔሰው ስም ፈንታ የልጁን ስም እየከተተ ተቀበላት፤ እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ ወለተጻድቅም ላቧ ጠብ እስኪል እስክስታ መታች። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ኮከብ ግን ማጨብጨብ አቃታት፤ እጇን እግሯ ላይ አስቀምጣ መሬት መሬት አየች። በዚያው ሳምንት የከፍተኛው ሊቀመንበር ሆነች።

መርዶው የተነገረው ከሹመቱ በኋላ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ኮከብ ሁሉንም እንደ ሥርዓቱ አሰናዳች፤ አንድ ነገር ብቻ ከሥርዓቱ አጎደለች፤ ልጁ የሞተበትን ቀን ሰዎች ሲጠይቋት፣ መዘግየቷ እንዳይታወቅ፣ መጋቢት በባተ ዕለት ነው አለች። ወለተጻድቅ ደረቷን ደቅታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ በመጨረሻ በኮከብ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እንኳን ከሌላ አፍ አልሰማሁት፣ እንኳን አንቺ አረዳሽኝ እያለች ታመሰግናት ነበር። እንዲህ ያለ ምስጋና ከእርግማን ይከብዳል።

በእኛ ሥርዓት የሞተ ሰው አርባው የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው፤ ነፍሱ ማረፊያዋን የምታገኝበት ቀን ነውና እናት ሌላው ቢቀርባት ይህ ቀን አይቀርባትም። ካህናቱ ኮከብ በሰጠችው ቀን ቆጠሩ፤ እውነተኛው አርባ ማንም ሳያስበው አለፈ፤ የሐሰቱ አርባ በሚያዝያ፣ ጾሙ ገና ሳይፈታ፣ በቀራንዮ መድኃኔዓለም ጸሎት ተደርጎለት በወለተጻድቅ ግቢ ድንኳን ተጣለ።

ሰው ቆሎውንና ንፍሮውን ይዞ ተቀምጦ ሳለ፣ ግሩም ከሆስፒታል አስፈቅዶ፣ ምርኩዙን እየጣለ እያነሣ ገባ። አጽናንቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ምን ተደግሶ እንደሆነ ከጎኑ ያሉትን ጠየቀ። አርባው ነው አሉት። ልጁ ግራ ገባው።

«የኔሰው የወደቀው እኮ በየካቲት ሚካኤል ነው፤ አርባው ካለፈ ሰንብቷል» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያም ወደ ኮከብ ዞረ። «ከሴቶች ቀን በፊት ለእርስዎ ነግሬዎት አልነበረም?»

ወለተጻድቅ ከፍራሿ ቀና ብላ ኮከብን አየቻት። ኮከብ እዚያች ላይ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ምናልባት ይህ ታሪክ ባጠረ፤ እርሷ ግን የከፍተኛው ሊቀመንበር ነበረች፤ አፏም ከልቧ ይቀድማል። እጇን በልጁ ትከሻ ላይ አድርጋ በርኅራኄ ተናገረች፤ ጦርነት ክፉ ነው፣ ስንቱን ጀግና ቀንና ሌሊቱን አሳተው፣ በዚህ ልጅ አትፍረዱበት አለች። ካህኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ጉልላትም ልጁን ደግፈው አስነሡት።

«እማማ፣ እኔ የተመታሁት እግሬን እንጂ ራሴን አይደለም» አለ ግሩም። ከዚህ ሌላ አልተናገረም፤ ወጥቶ ሄደ። ወለተጻድቅ እርሱም የእናት ልጅ ነው፣ ሳይበላ አይሂድ ብላ ሰው ላከችበት፤ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ኮከብ መርዶ መንገር አልቻለችም። ሁለት ጊዜ ተጠርታ ከባለሐዘን ፊት ተቀመጠች፤ ሁለቱንም ጊዜ ቃሉን ለሌላ ሰው ትታ ተነሥታ ወጣች፤ ሦስተኛ ሲጠሯት ሥራ በዝቶብኛል አለች። ሰፈሩም ሹመት አኮራት ብሎ አማት። በየወሩ በሚካኤል ቀን ተሸፋፍና ቀራንዮ እየሄደች የየኔሰውን ስም ለካህን ትሰጥ ነበር፤ ይህ ግን እንቅልፍ አልሰጣትም። ወለተጻድቅ ያገኘችውን ነገር ሁሉ ከእርሷ ጋር ትካፈል ነበርና፣ ከሐዘን ቤት የሚላክላት ዳቦ ሁሉ አልወርድ ይላት ነበር።

ግንቦት ፲፱፻፹፫ መጣ፤ መንግሥት ተለወጠ። በዚያ ክረምት ነዋሪው በዚያው አዳራሽ ተሰብስቦ የትናንት ሹማምንቱን ይገመግም ጀመር። ኮከብም ከፊት ቆማ ልጆቻቸውን ያጡ አባቶች ጣታቸውን ሲቀስሩባት፣ ወለተጻድቅ ከኋላ ተነሣች።

«ይችን ሴት አትንኩብኝ» አለች። «ልጄን ጡቷን አጥብታ ያሳደገች ናት። መርዶውንም ደግፋ ይዛ የነገረችኝ እሷ ናት። ልጅ ያጣችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ እሷም አጥታለች።»

ያቺ ሐዘንተኛ ስትናገር ሕዝቡ ረጋ። ሰብሳቢውም ኮከብ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ፈቀደ። ዝም ብላ ብትወጣ ኖሮ የሚጠይቃት አልነበረም። በሩ ድረስ ሄደች፤ እዚያ ቆመች፤ ዞረች።

«ወለቴ፣ ያ ወታደር አላበደም» አለች። «በሚካኤል ቀን ነው የሞተው። ስትዘፍኚ ዐውቅ ነበር። ደጀን አስገባዋለሁ ስልሽም ዐውቅ ነበር።»

ወለተጻድቅ አልጮኸችም፤ አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እንዲህም አለች፤

«ልጄን የገደለው ጥይት ነው፤ በሱ አልከስሽም። ሬሳው ሜዳ ላይ ወድቆ ሳለ በጾም ያስጨፈርሽኝ ግን አንቺ ነሽ። አርባውን የነሣሽብኝም አንቺ ነሽ። ኮከብ፣ ብሞት እንዳትቀብሪኝ።»

ኮኬ ማለትን ከዚያ ቀን ወዲያ ተወች። አቶ ጉልላት ሽማግሌ ይዘው ደጋግመው ሄዱ፤ ወለተጻድቅ በአክብሮት አስቀምጣ አንድ ቃል ብቻ ትመልስላቸው ነበር፤ ለነፍሴ ስል ይቅር ብያታለሁ፣ ከቀብሬ ግን አትቁም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ውሃ መቅጃ እየተላለፉ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ኖሩ።

ወለተጻድቅ የሞተችው ከዓመታት በኋላ ነው። የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባውን ነፍቶ ስሟን ሲጠራ፣ ኮከብ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ጎኗ ቆሞ የደገፋት ሰው አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ቤት ሐዘን ስታካፍል የኖረች ሴት ግቢዋ ውስጥ ብቻዋን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች፤ አስከሬኑ በደጇ ሲያልፍ ብድግ ብላ ቆመች እንጂ በሩን አልከፈተችም፤ ቃሏን ጠበቀችላት።

ሽሬ ላይ የትኛው ጦር እንደተፈታ፣ ትእዛዙን ማን እንዳጠፋ፣ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል፤ የሚገባም ነው። አንዲት የኮልፌ እናት አንድ ልጇ ከሞተ በኋላ፣ ይመጣል ብላ በጾም መዝፈኗን ግን የጻፈው የለም። የሚያስታውሱት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አብረው ሊያለቅሱበት ይገባቸው ነበር፤ አንዷ በሞት እስክትለይ ድረስ ለየብቻቸው አለቀሱበት።