ኅዳግ ላይ ያረፈ አውራ ጣት

ፈትለወርቅ በየማለዳው እንደምታደርገው ገጾቹን በሐይቁ ውሃ አጥባ በመርከቧ ሰገነት ላይ በተወጠረው ገመድ አሰጣቻቸው። እርጥብ እያሉ ፊደላቸው አይታይም። ፀሐይ ከተራሮቹ ጫፍ ብቅ ስትል ግን እንደ ስስ ቅጠል ያሉት ገጾች አንድ በአንድ እየደረቁ ጽሑፋቸው ከውስጥ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ወጣ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድነት ይንሾካሾካሉ። በአባያ ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፉት ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን ድምፅ ከመልመዳቸው የተነሣ ሲቀር እንጂ ሲሰማ ልብ አይሉትም።

መርከቧ ነፃ ቤተ መጻሕፍት ናት። ጥንት በኢንተርኔት ለማንም ሰው በነፃ የተለቀቁ ኅትመቶችን፣ መጽሔቱንም፣ የምርምር ጽሑፉንም፣ የገበሬ መመሪያውንም ሰብስባ ይዛለች። የፈለገ በፈለገው ቅጽ ይወስዳል። የብርሃን ቅጽ ዓይን ፊት ተንሳፍፎ ይነበባል። ወረቀት የሚወድ ያሳትማል። ጊዜ ያጠረው በእንቅልፍ ቅጽ ያወርድና ሲተኛ ያልመዋል። የፈትለወርቅ ሥራ የመዳፍ ቅጽ በሚባለው ላይ ነው፤ ይህኛው ቅጠል ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን የጥንቱን ወረቀት ሸካራነት፣ ክብደቱንና ቅዝቃዜውን ሳይቀር ለእጅ ይሰጣል። ፊደሉ በጣት ስለሚነበብ ከማንም ይልቅ የዓይነ ስውራን ንባብ ሆኗል።

ስህተቱ የተገኘው በአንድ የድንች መመሪያ ውስጥ ነው። መመሪያው የድንች ዘር ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቆይ የሚያስረዳ፣ ደረቅ ያለ ጽሑፍ ነበር። አንድ እፍኝ አፈር በሌለበት ሰፈር የዚህ መመሪያ ወሳጅ በየወሩ እየበዛ ሄደ። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወንድይራድ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሰዉ ድንቹን ለአዞ ሊዘራ ነው እንዴ እያለ ቀለደ። ውሎ አድሮ ግን ሳቁን ትቶ፣ ፈትለወርቅ አንዱን ቅጂ እንድትመረምረው አዘዘ።

ከገመዱ አውርዳ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ማንበብ ጀመረች። ስለ ጭድ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ አየር መተላለፊያ አነበበች። መካከል ላይ ስትደርስ በገጹ ግራ ኅዳግ እጇ ሌላ እጅ ነካ።

አውራ ጣት ነበር። ሞቅ ያለ፣ ጥፍሩ ባጭሩ የተቆረጠ፣ ጎኑ ላይ አሮጌ ጠባሳ ያለበት። ፈትለወርቅ ሳያንኳኳ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ እጇን ሰበሰበች።

ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ብዙ አልፈጀባትም። የዛሬ መቶ ዓመት ግድም አንድ ሰው መመሪያውን ስካን ሲያደርግ፣ መጽሐፉ አልዘረጋ ብሎት ዳር ዳሩን በአውራ ጣቱ ይዞት ነበር፤ ጣቱም አብሮ ተነሣ። በብርሃን ቅጽ ሲያዩት ቡናማ እድፍ ነው። የመዳፍ ቅጹ መሣሪያ ግን ያየውን ሁሉ የሚዳሰስ እንዲያደርግ የተሠራ ስለሆነ፣ ቆዳ ባየ ጊዜ ሙቀት ሰጠው። ከቆዳ ሥር ደም እንደሚመላለስ ስለሚያውቅም ቀስ ያለች ትርታ ከራሱ ጨመረለት።

ጋሽ ወንድይራድ ይህን ሲሰማ ቀልዱ ጠፋ። በማግስቱ ከዋናው ከተማ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። በመዳፍ ቅጽ ውስጥ ከኅትመቱ ውጭ ባዕድ ነገር ከተገኘ፣ ለአንባቢ የተሰጠው ኅትመት ሁሉ ገጽ በገጽ እስኪጣራ ድረስ ቅጹ ይታገዳል፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። በየተንሳፋፊው ትምህርት ቤት ያሉት ዓይነ ስውራን ልጆች እስከዚያ በምን ይማራሉ? ጣቱ ዛሬውኑ መጥፋት አለበት። ፈትለወርቅ «እሺ» አለች። እሺ የምትል ሴት ናት። ከባሏ ሰልስት ማግስት ሥራዋ ላይ የተገኘች፣ ሊያጽናናት የመጣውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በትሕትና እስከ በር የምትሸኝ። ባልደረቦቿም ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቷ መጠየቅ ትተዋል።

በመርከቧ ደንብ መሠረት አንድ ኅትመት ሲታረም የወሰዱት ሁሉ አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ እርማቱ በያሉበት ቅጂያቸው ላይ በራሱ ስለሚደርስ ነው። መልእክቱን ላከች። ቀትር ላይ አንድ ሰው ደወለ። በሐይቁ ማዶ ጫፍ፣ በብረት ማማ ላይ ብቻቸውን እየኖሩ የውሃውን ከፍታ የሚለኩ አቶ ጥሩነህ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ስለ ድንች ቡቃያ አንድ ሁለት ነገር ጠየቁ። ስለ ነፋሱ አወሩ። በመጨረሻ፣ የእሳቸው ቅጂ ብቻ ሳይታረም ሊቀር ይችል እንደሆነ ጠየቁ።

«አባባ፣ ስህተት እኮ ነው» አለቻቸው። «ሰውየው የያዘው መጽሐፉን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ አላበድኩም። ድንቹንማ በቃሌ ይዤዋለሁ።» አሉ። «እዚህ ስውል የምነካው ገመድና ብረት ነው። ሲመሻሽ ያንን ገጽ እገልጥና ጣቴን ከጎኑ አሳርፋለሁ። ሌላ ምንም የለውም።»

ፈትለወርቅ ቃል መግባት አልቻለችም። በሌላ ቅጽ ልታስቀምጥላቸው እንደምትሞክር ብቻ ነገረቻቸው።

በብርሃን ቅጽ አስቀመጠችው፤ ያው ቡናማ እድፍ ሆነ። አሳተመችው፤ ማተሚያው እያጉረመረመ ዘይት የነካው የመሰለ ግራጫ ጥላ ያለበት ወረቀት አወጣ። ብትዳስሰው ወረቀት ነው። የቀራት የእንቅልፍ ቅጽ ነበር። ወደ መሞከሪያዋ ጠባብ ክፍል ገብታ ጋደም አለች፤ ሐይቁ መርከቧን እንደ ሕፃን አልጋ እያወዛወዘ አስተኛት። በሕልሟ ነጭ ክፍል ውስጥ ነበረች። ድንቾች በጭድ ላይ ተደርድረው ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ። ከልጅነቷ ወዲህ ያላሸተተችው የአፈር ሽታ አለ። ጠረጴዛ ላይ አንድ መጽሐፍ ተገልጧል፤ ነፋስ ገጾቹን እያገላበጠ አላስነብብ አላት። የሚይዝላት ሰው እስኪመጣ ቆማ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ስትነቃ እጇ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ አገኘችው።

ለአቶ ጥሩነህ ደውላ እውነቱን ነገረቻቸው። ቅጾቹ ጣቱን እንደማይዙት፣ ካልጠፋም ስለሚታገደው ንባብ፣ ስለ ልጆቹ። በስልኩ ውስጥ የማማው ነፋስ ያፏጫል።

«ልጆቹ ሌላ የሚያነቡበት የላቸውም?»

«የላቸውም አባባ።»

«እንግዲያው አጥፊው» አሉ። «ብቻ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆዪልኝ።»

ቆየችላቸው። ሐይቁ ቀይ ሲሆን እናት ቅጠሉን፣ ቅጂ ሁሉ የሚወለድበትን፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የማጥፊያው ብርሃን በኅዳጉ ላይ አለፈ። መጀመሪያ ትርታው ቆመ። ቀጥሎ ሙቀቱ ሄደ። ጠባሳው ትንሽ አንገራገረና እሱም ለቀቀ። ኅዳጉ ነጣ። የቀረው ቅጠሉ እስኪረጋ መጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን የምሽቱ ነፋስ በመስኮቱ እየገባ ጠርዙን ያነሣባታል። በእጇ ጫን አድርጋ ያዘችው። ዓይኗ ቀዩ ውሃ ላይ ነበር። ሲረጋ እርማቱን ለሁሉም ለቀቀችው።

ተቆጣጣሪዋ በማግስቱ በጠዋት መጣች። ወጣት ናት፤ ንግግሯ ቁጥብ። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ኅትመቶችን አለፈች። የድንች መመሪያው መካከል ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቆየ። ጋሽ ወንድይራድ ጉሮሮውን ጠረገ። ወጣቷ ዓይኗን ገልጣ ወደ ፈትለወርቅ ተመለከተች፤ ፊቷን ሳይሆን እጆቿን።

«ስህተት የለበትም» አለች፤ ገጹንም ቀስ ብላ ከደነችው።

ጋሽ ወንድይራድ ከደስታው ብዛት እንግዳዋን ዓሣ ሊጋብዛት ይዟት ወረደ። ፈትለወርቅ ገጾቿን ልታሰጣ ስትነሣ ስልኩ ጮኸ። አቶ ጥሩነህ ነበሩ።

«ያኛው ሄደ፣ ልጄ።»

«አዎ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይኼኛውስ የማን ነው? የሴት መሰለኝ።»

«ምኑ?»

«እጁ ነዋ።»

ፈትለወርቅ ተቀመጠች። እናት ቅጠሉ እስኪረጋ ድረስ መሣሪያው ማየቱን አያቆምም። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው እሷው ናት።

«ያኛው ጠንካራ ነበር» አሉ አዛውንቱ። «መጽሐፍ እንደያዘ ያስታውቃል። ይህችኛዋ ግን ትንቀጠቀጣለች፤ ራሷን የሚይዛት የምትፈልግ ትመስላለች። ምን ላድርግ? መዳፌን አለበስኳትና 'አይዞሽ' አልኳት። አጠፋሁ?»

«አላጠፉም» አለች።

«ታውቂያታለሽ?»

አውራ ጣቷን አየችው። ባዳ ይመስል አገላብጣ አየችው።

«ትንሽ ትንሽ» አለች።

ስልኩን ከዘጋች በኋላም ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። መመሪያው በየሰፈሩ በብዙ ሰው ቤት አለ። በዚያች ሰዓት ስማቸውን የማታውቃቸው ሰዎች፣ ዓሣ አጥማጁም፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋም፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪም ያንን ገጽ ገልጠው ይሆናል። እስከ በር የሸኘችው ማጽናናት ሁሉ በሌላ በር ዞሮ ገብቶባት ነበር። በሩን ራሷ ከፍታ እንደተወችው አሁን ገባት።

ጋሽ ወንድይራድ ጥርሱን እየጎረጎረ ተመለሰ፤ ማን እንደደወለ ጠየቃት።

«አንባቢ ነው» አለች።

«ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

«እርማቱ ደርሶታል?»

ፈትለወርቅ ገጾቹን አንሥታ ወደ ሰገነቱ መውጣት ጀምራ ነበር።

«ደርሶታል» አለች። «መልሱም ደርሶኛል።»