ድንበር ገፊው

አድማሴ የሞተር ብስክሌቱን ሞተር አላጠፋም።

ወንዳወቅ ይህን ልብ ያለው ተንበርክኮ የወሰኑን ድንጋይ ሲያነሣ ነው። አልወደደውም። ዕቃ ሊቀበል የመጣ ሰው ሞተር ያጠፋል።

ጅጋ ላይ ወንዳወቅን የሚያውቁት በፀሐይ ኃይል ኩባንያው ቀያሽነቱ ነው። ስሙም ሥራውም ሽፋን ነበር። ኩባንያውን እንዲሰልል የላከው አለቃው አድማሴ ነው፤ የምሥጢር ስሙ «ጭልፊት»። የመጀመሪያው ጥናት የፀሐይ ሰሌዳዎቹን እህል በማያበቅለው ድንጋያማ ተረተር ላይ ነበር ያስቀመጣቸው። ኩባንያው ግን ተረተሩን መደልደል ከበደውና ካርታውን ለውጦ በዘጠና አባወራ የስንዴ ማሳ ላይ አሰፈራቸው። እውነተኛው ካርታ ያለበት ፍላሽ ካርታውን ለሚያጸድቀው ለነገው የፍኖተ ሰላም ስብሰባ ካልደረሰ ማኅተሙ በሐሰተኛው ላይ ያርፋል። ወንዳወቅ ክፍሉ ሲበረበርበት ፍላሹን እዚህ ቀበረው። በዚህ አገር ሰው ቢቸግረው ይሰርቅ ይሆናል እንጂ የወሰን ድንጋይ አይነካም።

«ስንዴው ደረሰ?» አለ አድማሴ፣ በይለፍ ቃላቸው።

«ገና አልታጨደም።»

«እንግዲያው አምጣው።»

አድማሴ ሽጉጥ መዘዘ።

«ለኩባንያው አደርህ?» አለ ወንዳወቅ።

«ሁለቱንም ካርታ ያየህ አንተ ብቻ ነህ።»

በዚህ ጊዜ ባምላኩ ከስንዴው መሀል ብቅ አለ። የማሳው ባለቤት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ምሳውን ከዚህ ቀያሽ ጋር ሲካፈል የከረመ። ሽጉጡን አላየም። ያየው የተነቀለውን ድንጋይ ብቻ ነው።

«ሳጎርስህ ከርሜ የአባቴን ወሰን ትነቅላለህ?»

ዱላውን አንሥቶ በሁለቱ መሀል ገባ።

ጥይቱ የባምላኩን ደረት በሳው።

ወንዳወቅ ድንጋዩን እንደታቀፈ አድማሴ ላይ ተወረወረ። ሁለተኛው ጥይት ጆሮውን ቦጭቆት አለፈ። ድንጋዩን አድማሴ ፊት ላይ አሳረፈው፤ አጥንት ሲሰበር ሰማ። ደገመው። አድማሴ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም ደገመው። ያን ጊዜ ግዳጁ ትዝ አላለውም፤ ንዴት ብቻ ነበር።

ባምላኩ ገና ይተነፍሳል። ወንዳወቅ እውነቱን ሊነግረው አጎነበሰ።

«ጋሼ ባምላኩ፣ እኔ...»

«መልሰው» አለ ባምላኩ። «ከቦታው መልሰው።»

ይህን ብሎ ትንፋሹ ቆመ።

ከመንደሩ ኡኡታ ተነሣ። ወንዳወቅ መሮጥ ነበረበት። አልሮጠም። ፍላሹን አወጣ፣ በደም የራሰውን ድንጋይ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠ፣ አፈሩን በእግሩ ጠቀጠቀ። ከዚያ ሳይጠፋ በቆመው የአድማሴ ሞተር ብስክሌት ፈረጠጠ።

በማግስቱ ስብሰባው ሐሰተኛውን ካርታ ጣለው።

ዓመት አለፈ። ከቡሬ የተነሣው ሚኒባስ ጅጋን ሲያልፍ ተረተሩ ላይ ሰሌዳዎቹ ያብለጨልጫሉ፤ ከሥራቸው ስንዴው ቢጫ ሆኗል። ወንዳወቅ አሁን ሌላ ስም አለው። የተቦጨቀ ጆሮውን ባርኔጣ ሸፍኖታል። አጠገቡ ጥቁር የለበሱ ሴት ማሳውን ትክ ብለው ያያሉ።

«የእርስዎ ነው?» አላቸው።

«የባሌ ነበር፤ የባምላኩ። ከወሰኑ ላይ ነው የገደሉት።»

ባምላኩ ደጋግሞ ስማቸውን የሚያነሣቸው ካሰች ናቸው። አይቷቸው አያውቅም፤ ሁለት ወር የበላውን ምሳ ይቋጥሩ የነበሩት ግን እሳቸው ናቸው።

«እርሻውንስ እግዜር አተረፈልን» አሉ ካሰች። «ያን ድንበር ገፊ ቀያሽ ግን ቀን አይውጣለት።»

«አሜን» አለ ወንዳወቅ።

ደምበጫ ላይ ወርዶ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቀለ።